ራስን ማስተማርና ፊደል፦ የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ አንድ ገጽታ በአፍሪቃ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪቃ

በአማርኛ ማስተማር ከመማር በኋላ ይመጣል። መነሻው ግሥ «ተማረ» ነው፤ «አስተማረ» በእርሱ ላይ «አስ» ተጨምሮበት የተገኘ አስደራጊ ሲሆን፣ ቃል በቃል ቢፈታ ሌላው ሰው እንዲማር ማድረግ ማለት ነው። በግዕዝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ «መሀረ» ማስተማርን፣ ከእርሱ የወጣው «ተምህረ» መማርን ያመለክቱ ነበር። አማርኛ «መምህር»ንና «ትምህርት»ን በስምነት ሲያቆይ «መሀረ»ን ከግሥነት አሰናብቶ፣ ተደራጊውን መነሻ አደረገው። («ምሕረት» የወጣበት «መሐረ» በሐመሩ ሐ የሚጻፍ ሌላ ሥር ነው፤ የጉሮሮ ድምፆቹ ስለጠፉ ግን ዛሬ ዕውቀት ያገኘውም ይቅርታ ያገኘውም በአንድ ድምፅ «ተማረ» ይባላሉ።)

ኦሮምኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «በሩ» ማወቅና መማር ነው፤ «በርሲሱ» አስደራጊው፣ ማለትም ማስተማር ነው፤ «በረቹ» ደግሞ ድርጊቱ ለአድራጊው ጥቅም መሆኑን በሚያሳየው ቅጥያ የተሠራ፣ ለራስ መማር ነው። ሶማልኛና ስዋሂሊ ግን ከሌላው ጫፍ ይነሣሉ። በሶማልኛ መነሻው «በር»፣ አስተምር ነው፤ ለራስ የሚያደርገው ቅጥያ ሲገባበት «በሮ»፣ ተማር ይሆናል። በስዋሂሊ «ፉንዛ» ማስተማር ሲሆን «ጂ» የተባለው የራስ አመልካች ሲቀድመው «ጂፉንዛ» ይሆናል፤ መማር ራስን ማስተማር ነው እንደማለት።

ከግሥ እርባታ ተነሥቶ ስለ ሕዝብ ጠባይ መናገር ከተተወ ብዙ ዘመን የሆነው ልማድ ነው፤ እዚህም አይታደስም። ሆኖም እነዚህ ግሦች የሚያስነሡት ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአካባቢው ሦስት መንግሥታት ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር ለማስተዋወቅ ተነሥተው ነበር። መምህሩ ከሄደ፣ ኩራዙ ከጠፋ በኋላ ጎልማሳው ብቻውን መማሩን የሚቀጥልበት አቅም ቀርቶለት ነበርን? ከቀረስ፣ የቋንቋና የፊደል ምርጫው ምን ያህል ረዳው ወይም ጎዳው? ዘመቻዎቹን የመዘኑ ጽሑፎች በአብዛኛው የተመዝጋቢዎችን ቍጥር ይዘው ተከራክረዋል። ይህኛው ጥያቄ የቋንቋ ሊቃውንት ድርሻ ሆኖ ሳለ እምብዛም አልተነካም።

ስለ ስያሜው አንድ ቃል ማለት ይገባል። ከውጭ የመጣውን ጽንሰ ሐሳብ የመምሪያ ሰነዶች «የዕድሜ ልክ ትምህርት» ብለው ተርጕመውታል። በአማርኛ ጆሮ «ዕድሜ ልክ» ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው እስራትን ነው። ፍርድ ቤት የሚሰጠውን ለመምህር ቤት ማዋስ ደስ የሚል አልሆነም፤ «ዕድሜ ዘለቅ» የሚሉ ጸሐፊዎች የተሻለ ጆሮ አላቸው። ቀድሞ በነበረው ቋንቋ ለነገሩ ቃል አልጠፋለትም ነበር፤ ተማሪው «ይቀጽላል»፣ «ያጠናል»፣ «ይለምዳል»፣ ዕውቀት «ይቀስማል»፤ እያንዳንዱም የመማር ስልት ለይቶ የሚጠራ ነው።

እነዚህ ቃላት የተቀመሩበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የቃል ሽምደዳ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ለንባብ ቤት ይህ ከእውነት አይርቅም። ልጁ ፊደል ይቈጥራል፣ ግዕዝና ውርድ ንባብ ይላል፣ ዳዊት ይደግማል፤ የሚያነበውን ቋንቋ ግን አያውቀውም። ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ግስ ይወርዳል፣ አገባብ ይማራል፤ ከዚያም የሌላውን መድገም ይቀርና ከራሱ እንዲያወጣ ይጠየቃል። በሁለት ቤት ከምትቆመው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በየቀኑ የራሱን ቅኔ እየቈጠረ ለአስነጋሪው ያቀርባል፤ ይታረማል፣ ይነቀፋል፣ ማግሥቱን አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ይዞ መምጣት ነውር ነው። ተማሪው ሲበቃው ሌላ መምህር ፍለጋ ደብር ለውጦ ይሄዳል፤ የቆሎ ተማሪነት መንከራተት ብቻ አልነበረም፤ መምህርን በመንገዱ ባሕርይ የመምረጥ ሥልጣንም ነበረበት። ሰዋስውን የሚመረምር፣ የራሱን ስሕተት መስማት የሚችል፣ ከማን ምን እንደሚማር የሚያውቅ ሰው ከዚያ ይወጣ ነበር።

ጠባብነቱም የታወቀ ነው። ቋንቋው ግዕዝ፣ ዘመኑ ረጅም፣ ተማሪው ወንድ ነው። በጎጃም ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ሊቅነታቸው ከሌሎች ሊቃውንት ስለላቀ ብቻ አይደለም፤ ሴት በዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ ብርቅ ስለነበረም ነው።

ከዚህ ክበብ ውጭ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ራስን የማስተማር መሣሪያ ለመሥራት ከተደረጉት ጥረቶች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የተፈጸመው በባርነት ተወስደው ነጻ በወጡ ሰዎች እጅ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጣ በኋላ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በስዊድንም ተማረ። አስቴር ጋኖም በተመሳሳይ መንገድ እዚያው ሚሲዮን ደርሳ በቃል የያዘቻቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌዎች ጻፈች። የሁለቱ ሥራ የሆነው «ጀልቀበ በርሲሳ» እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ፤ ርእሱ የማስተማር መጀመሪያ እንደማለት ነው። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተከተለ። ሁለቱም በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የንባብ መጽሐፉ ጥበብ ከይዘቱ ላይ ነው፤ አንባቢው አስቀድሞ በቃሉ የሚያውቀውን ተረት በፊደል ያገኘዋል። አዲስ ፊደልና አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አይጫኑበትም። ይህን በኋላ የመጡ ዘመቻዎች ሁሉ አላስታወሱትም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተቋቋመው የፊደል ሠራዊትና የማታ ትምህርት ቤቶች ጎልማሶችን ያስተማሩት በአማርኛ ነበር። ዩኔስኮ በ11 አገሮች የሞከረው ከሥራ ጋር የተያያዘ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ኢትዮጵያን፣ ሱዳንንና ታንዛኒያን ይጨምር ነበር። በኢትዮጵያ በወላይታና በጭላሎ የመሳሰሉ የልማት አካባቢዎች ተመርጠው ነበር፤ የሚያስተምረው ቋንቋ ግን በዚያም አማርኛ ነበር። ወላይትኛ ተናጋሪው ገበሬ ስለ ማሳው ለማንበብ በመጀመሪያ ሌላ ቋንቋ መልመድ ነበረበት ማለት ነው። «ተግባር ተኮር» የተባለው ትምህርት በቋንቋው በኩል ተግባሩን ስቶት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ ከተግባሮቹ አንዱ ማስተማር ነበር። ትልቁ እርምጃ ግን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እየሰፋ ወደ 15 ደረሰ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማልኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ሲዳምኛ፣ ስልጢኛ፣ አፋርኛ፣ ሳሆ፣ ትግረ፣ ኩናማና ከፋ-ሞጫ። እነዚህ ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚናገራቸው ናቸው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማትን አገኘ። ቀድሞ የጽሑፍ ታሪክ ያልነበራቸው አንዳንድ ቋንቋዎች የመጀመሪያ መማሪያ መጻሕፍታቸውን ያገኙት በዚህ ሥራ ነው፤ መንግሥቱ ይወደድም ይጠላም፣ ይህን ከቋንቋ ታሪክ መፋቅ አይቻልም።

አስራ አምስቱም የተጻፉት በአንድ ፊደል ነበር። ምክንያቱ አንድነትንና ኅትመትን የሚመለከት ነው፤ ውጤቱ ግን በየቋንቋው ይለያያል። የአማርኛ አንባቢ «አለ»፣ «ገና»፣ «ዋና» ሲያይ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የሚነበበው ከአገባቡ ይረዳል፤ የለመደው ሰው ችግሩን አያየውም። ለጀማሪ ጎልማሳ ግን አገባብን ከፊደል ቀድሞ መገመት ገና የሌለው ችሎታ ነው። በኦሮምኛ ሸክሙ ይከብዳል። ድምፅ መጥበቅ ብቻ ሳይሆን የአናባቢ ርዝመትም ትርጕም ይለያል። ክፉ ማለት የሆነውና ደጋ ማለት የሆነው ቃል፣ በአንዱ «ደ» ላልቶ በሌላው ጠብቆ፣ ሁለቱም «በዳ» ተብለው ይጻፋሉ። በጋ ማለት የሆነው አጭር አናባቢ ያለውና ኩራት ማለት የሆነው ረጅሙ ሁለቱም «ቦነ» ናቸው። «ዸ»ን መጨመር ተነባቢውን አሟላ፤ ርዝመቱን ግን አልነካም። እንግዲህ አንባቢው መጽሐፉን ብቻውን ሲከፍት አዲስ ቃል ቢያጋጥመው የሚሰማው ድምፅ የለውም፤ የሚያውቀውን ቃል ብቻ ነው የሚያነበው። ከንባብ አዲስ ነገር መማር የሚጀምረው ደግሞ የማያውቁትን ቃል በትክክል ማንበብ ሲቻል ነው።

በድንበሩ ማዶ ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። ሶማሊያ ለዓመታት በአረብኛ፣ በላቲንና በ1920ዎቹ መባቻ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በፈጠሩት ፊደል መካከል ስትከራከር ቆይታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ላቲንን መረጠች። የሽሬ ጃማ አሕመድ ሥርዓት የቀረበበት ያ አጻጻፍ ረጅሙን አናባቢ በመደጋገም፣ የጠበቀውን ድምፅ እንዲሁ በመደጋገም ያሳያል፤ ቃናን ትቶታል፤ ያም ለተናጋሪው ብዙ አላጐደለበትም። በ1974 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ወደ 25 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ አርብቶ አደሩ ተላኩ። የዘመቻው መፈክር፣ ካወቅህ አስተምር ካላወቅህ ተማር የሚለው፣ በሶማልኛው ሁለት ግማሾቹን «በር» እና «በሮ» ብሎ ይዘጋል፤ የቋንቋው እርባታ ራሱ መፈክር ሆነ። ዘመቻው «ዳባዴር» ከተባለው ድርቅ ጋር ተጋጨ፤ አስተማሪዎቹም እርዳታ አከፋፋዮች ሆኑ።

በአንድ አሥርተ ዓመት፣ አንድ ቋንቋ በአንድ ድንበር ሁለት ወገን በሁለት ፊደል ይማር ነበር ማለት ነው። በኦጋዴን ያለው የሶማልኛ ተማሪ በኢትዮጵያ ፊደል፣ የአጎቱ ልጅ በላቲን። ግጦሽ ተከትለው የሚሻገሩ ሰዎች ደብዳቤ ቢለዋወጡ አንዱ የሌላውን አያነብም። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ዘመቻውን ያካሄዱት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጠፉ፤ አጻጻፉ ግን አልጠፋም። ያለ ምንም ቢሮ በነጋዴ ደብተር፣ በስደተኛ ደብዳቤ፣ በግል ጋዜጣ ቀጠለ። ለራስ መማር የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው፤ ፊደል ከመንግሥት ዕድሜ በላይ የሚኖረው ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ሲያገኝ ነው።

የታንዛኒያ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ጁሊየስ ኔሬሬ 1970ን የጎልማሶች ትምህርት ዓመት አሉት። ከ120 በላይ ከሚሆኑ ቋንቋዎች መካከል ለትምህርቱ የተመረጠው ስዋሂሊ ብቻ ነበር፤ የሱኩማ ገበሬ ወይም የማሳይ እረኛ በእናቱ ቋንቋ አልተማረም። ይህ በመርሕ ደረጃ የኢትዮጵያን የአማርኛ ዘመን ይመስላል፤ በውጤት ግን አይመስልም። ስዋሂሊ በአብዛኛው አገር የገበያና የመንገድ ቋንቋ ሆኖ የሰነበተ፣ ከሌሎቹ የባንቱ ቋንቋዎች ጋር በሰዋስው የሚቀራረብ፣ አጻጻፉም አንድ ድምፅ ለአንድ ፊደል የቀረበ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ከፊደል በኋላ የታሰበለት መሆኑ ነው። በ1973 «ምቱ ኒ አፍያ» የተባለው፣ ሰው ጤና ነው የሚለው የሬዲዮ ዘመቻ ወደ 2 ሚሊዮን ጎልማሶችን በቡድን አሰባስቦ አዳመጡ፣ አነበቡ፣ ተወያዩ፣ መጸዳጃ ቈፈሩ። በሐይቁ አካባቢ ለአዳዲስ አንባቢዎች የሚታተም የገጠር ጋዜጣ ነበር፤ ስሙ «ኤሊሙ ሃይና ምዊሾ»፣ ትምህርት ማለቂያ የለውም። መንግሥቱ በ1967 67 በመቶ ነበር ያለው መሃይምነት በ1981 ወደ 21 በመቶ ወርዷል ብሎ አስታውቋል። በኋላ የኢኮኖሚው ቀውስ ወረቀቱንም፣ የመምህሩን አበልም፣ የሬዲዮውን ባትሪም ነካ፤ ቍጥሩም ወደ ኋላ ተመለሰ። ጋዜጣ የሌለው አንባቢ ቀስ በቀስ አንባቢነቱን ይተዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን እንዲጻፍ፣ በቁቤ፣ ተወሰነ። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ አፋርኛና የኢትዮጵያ ሶማልኛም በዚያው ሄዱ። ከሰዋስው ወገን ለውሳኔው ጠንካራ ክርክር አለው፤ «በዳ» እና «ቦነ» በቁቤ ያለ ጥርጥር ይለያያሉ። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ስለ ድምፅና ስለ ማንነት ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኩራዝ ይዛ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ያለች፣ በ40 ዓመቷ ማንበብ የቻለች ሴት በክርክሩ ውስጥ አልነበረችም። በ12 ዓመታት ውስጥ ማንበብ የተማረችበት መጽሐፍ ከገበያ ወጣ፤ በኢትዮጵያ ፊደል ይታተም የነበረው ጋዜጣ «በሪሳ» ፊደሉን ለወጠ፤ የልጇ ደብተር የማታነበው ሆነ። ቋንቋው የእርሷ ነው፤ ትርጕሙ ቢነበብላት ሁሉን ትሰማለች። በመዝገብ አንባቢ፣ በቤቷ መሃይም ሆነች። (በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ቀላቅሎ ለትምህርት ቤት የቀረበው «ወጋጎዳ» ያስነሣው ቍጣ በሶዶ ሕይወት እስከማሳጣት ደርሶ ተትቷል፤ የልጆች መጽሐፍ ሲነካ ጎዳና ይሞላል፤ የጎልማሶች መጽሐፍ ሲጠፋ ማንም አልወጣም።)

ይህች ሴት ሁለተኛውን ፊደል በራሷ ልትማር አትችልም ነበርን? እዚህ ላይ ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ሥራ ይጠቅማል። ቫይ የራሱ የቀለም ፊደል አለው፤ ሰዎች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከጓደኛ ወይም ከዘመድ ይማሩታል፤ ለደብዳቤና ለሒሳብ ይጠቀሙበታል። ተመራማሪዎቹ ፊደሉ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን ይለውጣል የሚለውን ግምት አላገኙትም። ያገኙት ፊደሉ የሚያሠለጥነውን የተወሰነ ችሎታ ነው፤ የቫይ ፊደል አንባቢ ተቈራርጠው የቀረቡለትን ቀለሞች አገጣጥሞ ዓረፍተ ነገር በማውጣት ከሌሎች ይበልጥ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ፊደል አንባቢ ያላት ሀብትና የጐደላት ነገር ይታያል። ቀለም ማገጣጠምን ታውቃለች፤ ተነባቢንና አናባቢን ለይቶ መስማት ግን ፊደሏ አላስለመዳትም፤ ቁቤ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚህ የሚከተለው ድልድይ ቀላል ነበር፤ ለጥቂት ዓመታት በሁለት ዓምድ የሚታተም መጽሐፍ፣ «በ»ን ወደ ሁለቱ ድምፆቿ የሚፈታ የአሥር ገጽ መሸጋገሪያ። ቅኔ ቤት ሰባት ቤት ፊደል ገበታን በእርባታ የሚፈታ ባህል ባለበት አገር ይህ ሩቅ ሐሳብ አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ወጥቶ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» በየክልሉ ቋንቋ ተጀመረ። ተመዝጋቢው ከዜሮ እንደሚነሣ ይታሰባል፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፊደል የቈጠረውም ከልጅ ልጁ እኩል «ጀማሪ» ተብሎ ይገባል። በብዙ አገሮች የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የማንበብ ችሎታን የሚለካው በካርድ ላይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር በማሳየት ነው። መልሱ ከጥቂት ምድቦች በአንዱ ይመዘገባል፤ ምንም አያነብም፣ በከፊል ያነባል፣ ሙሉውን ያነባል፣ ዓይነ ስውር ነው፣ በሚያነብበት ቋንቋ የተዘጋጀ ካርድ የለም። ካርዱ በቋንቋው ሆኖ በሌላ ፊደል ሲሆን የሚሰጥ ምድብ የለም። በኢትዮጵያ ፊደል ኦሮምኛ የምታነበው ሴት በቁቤ የተጻፈ ካርድ ቢሰጣት የምትመዘገበው በመጀመሪያው መስመር ነው።